ልስኑ ካለቀ በሃያ ስምንተኛው ቀን

የውል ጸሐፊው ብዕሩን አንስቶ «እሺ፣ ቤቱ የሚለቀቀው መቼ ይሁን?» ሲል «ቀን አንጻፍ» ያለው ሌላ ማንም አይደለም። ገዢው ራሱ ነው።

ገዢው ቀለም ቀቢ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት የሰው ቤት ቀብቷል። ስንት ቤት እንደቀባ ሲጠይቁት «ከአንዱ በቀር ሁሉንም» ይላል። ያ የቀረው አንዱ የራሱ ነው። አርባ አራት ዓመት እስኪሞላው ድረስ የራሱ የሚለው ቤት አልነበረውም።

የጸሐፊው ቢሮ ከአንድ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር በላይ ያለች ጠባብ ክፍል ናት። ያሏት ወንበሮች አራት ናቸው። በአንዱ ቀለም ቀቢው፣ በአንዱ ሚስቱ፣ በሦስተኛው ሻጩ፣ በአራተኛው ምስክር ሆኖ የመጣው ለሳኙ ተቀምጠዋል። ጸሐፊው ራሱ በርጩማ ላይ ነው።

ሻጩ ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ናቸው። ሰው ሁሉ ጋሼ ይላቸዋል። ሚስታቸው ሞታለች፣ ልጆቻቸው ሩቅ ናቸው። ቤቱ ሰፍቷቸው ከከተማው ሌላ ጫፍ፣ ከወንድማቸው ልጅ አጠገብ፣ ትንሽ ቤት እያሠሩ ነው። ቀለም ቀቢው ያውቃቸዋል። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ይህንኑ አሁን የሚገዛውን ቤት እሱ ቀብቶታል፤ ለሳኙ ደግሞ ለስኖታል። የወጥ ቤቱ ግድግዳ ስንት እጅ ቀለም እንደጠጣ እስካሁን ያስታውሳል።

«ጋሼ፣ አዲሱ ቤትዎ ምን ቀረው?» አለ ቀለም ቀቢው።

«ልስን ብቻ። የወንድሜ ልጅ ሠራተኛ ያመጣልኛል። አሥር ቀን ቢፈጅ ነው።»

«ልስን አለቀ ተብሎ ወዲያው አይገባም። ሲሚንቶ ሃያ ስምንት ቀን ይፈልጋል። እርጥብ ቤት ገብተው ደረትዎን ቢያምዎ ኃጢአቱ የኔ ነው።»

«እና ምን ይሻላል ትላለህ?»

«ቀን አንጻፍ። የመጨረሻው ልስን ካለቀ በሃያ ስምንተኛው ቀን ይለቁልኛል። ሦስት ቀን ሲቀር እኔው መጥቼ በነጻ እቀባልዎታለሁ።»

ጋሼ ልጄ ብለው እጁን ያዙት። ጸሐፊው ግን ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ወዳጄ፣ ሠላሳ ዓመት ውል ጽፌአለሁ። ቀን ማለት ቁጥር ነው። ቁጥር ስጠኝ።»

«ግድግዳ ቁጥር አያውቅም» አለ ቀለም ቀቢው።

«ዳኛ ግን ያውቃል።»

ለሳኙ ሳቀ። «ተወው ጌታዬ። እሱ ከሰው ይልቅ ግድግዳ ነው የሚያምነው።»

«ከሚስቱም ይልቅ» አለች ሚስቱ።

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ብሎ ጸሐፊው አጉረመረመና እንደተባለው ጻፈ። ሻጭ ፈረመ፣ ገዢ ፈረመ፣ ምስክር ፈረመ። የዋጋው ግማሽ ተከፈለ። ቀለም ቀቢው ደረጃውን ሲወርድ በጣቱ ይቆጥር ነበር፤ አሥር ቀን ለልስን፣ ሃያ ስምንት ለመድረቅ፣ በድምሩ ሠላሳ ስምንት። በዚያው ቀን ማታ ለአከራያቸው የሁለት ወር ማስጠንቀቂያ ሰጡ። ሃያ ሁለት ቀን ይተርፋል። ሒሳቡ ስህተት አልነበረበትም።

*

ስለ ለሳኙ መናገር ያስፈልጋል።

ለሳኝና ቀለም ቀቢ እንደ ምራትና አማት ናቸው። ቀለሙ ሲያስጠላ ቀለም ቀቢው «ግድግዳው ጎባጣ ነው» ይላል፤ ለሳኙ ደግሞ «ብሩሹ ነው እንጂ» ይላል። እነዚህ ሁለቱ ግን አሥራ ዘጠኝ ዓመት አብረው ሲሠሩ እንዲህ ያለ ነገር አልተናገሩም። አንዱ ለስኖ ይወጣል፣ ሌላው ቀብቶ ይወጣል። ሥራ የያዘ ያልያዘውን ይጠራል። ቀለም ቀቢው ከመሰላል ወድቆ እግሩ በተሰበረ ጊዜ ለሳኙ ሁለት ወር ሙሉ ብሩሽ ይዞ በእሱ ፈንታ ቀብቷል። አበላሽቶ ነው የቀባው፤ ግን ቀብቷል።

ግራ እጁን ስለሚጠቀም በየሥራው ቦታ «ግራው» ይሉታል። የልስን ማንኪያውን ከቀኝ ወደ ግራ ነው የሚያሳልፈው። ክፍሉን ሲጨርስ፣ ከበሩ ጀርባ፣ ከወለሉ አንድ ክንድ ከፍ ብሎ፣ እርጥቡ ልስን ላይ የግራ አውራ ጣቱን ይጫናል። «ፊርማዬ ናት» ይላል። ባለቤቶች አያዩዋትም። ቀለም ቀቢው ግን ሁልጊዜ ያገኛታል፤ እየተራገመ በስቱኮ ይደፍናታል።

«አንተ ሰውዬ፣ ጣትህን ለመቅበር ብቻ ስንት ስቱኮ ጨረስኩ!»

«እኔ ስሞት ቤት ለቤት ዞረህ ትጎበኘኛለህ።»

ሚስት ነበረችው፤ ከሰባት ዓመት በፊት ጥላው ሄዳለች። ሁለት ክፍል ተከራይቶ ብቻውን ይኖራል።

*

ቀለም ቀቢውና ሚስቱ የሚኖሩበትም ኪራይ ነው፤ አሥራ አራት ዓመት። አከራያቸው ግድግዳ ላይ ሚስማር መምታት አትፈቅድም። ቀለም መቀየርም አትፈቅድም፤ አረንጓዴውን ትወደዋለች። አረንጓዴውን የቀባው ሰው ማን እንደሆነ አይታወቅም፤ ጥራዝ ነጠቅ እንደነበረ ግን ግድግዳው ይመሰክራል። ብሩሹ የዞረበት፣ ቀለሙ የተንጠባጠበበት፣ ጥግ ሳይደርስ የቀረበት ሁሉ ይታያል። ቀለም ቀቢው አሥራ አራት ዓመት በተኛ ቁጥር የመጨረሻ የሚያየው ይህንን ነው። አንድ ጊዜ በነጻ ልቀባው ብሎ ለመናት። «የኔ ልጅ፣ ዛሬ ቀለም ትላለህ፣ ነገ ቤቱ የኔ ነው ትላለህ» አለችው።

ሚስቱ የሆስፒታል ስልክ ኦፕሬተር ናት። ቀኑን ሙሉ ጆሮዋ ላይ ሰው ይጮኻል። ፊቱን ሳታይ ማን እንደሚዋሽ፣ ማን እንደሚፈራ፣ ማን የታመመውን ሰው እንደማይወደው ታውቃለች። ባሏን ስታገባው «በድምፅህ ነው የመረጥኩህ፤ መዋሸት አትችልበትም» ብላዋለች። እሱ ግን እስከ ዛሬ ምስጋና ይሁን ስድብ አልገባውም።

በአሥረኛው ቀን ቀለም ቀቢው ለጋሼ ደወለ።

«እየተሠራ ነው፣ ልጄ።»

በሃያኛው ቀን ደወለ።

«ትንሽ ይቀረዋል። ሠራተኛ እንደሆነ ታውቀዋለህ።»

ያውቀዋል። በሠላሳኛው ቀን አልደወለም፤ አፈረ። ትልቅ ሰው በቃሉ ላይ አይጨቀጨቅም። ለሳኙንም አማከረው። በተሰቀለ ጣውላ ላይ ተቀምጠው ሻይ ይጠጡ ነበር።

«ሄጄ ልየው እንዴ ሥራውን?»

«ምን ልትሆን? የወንድማቸውን ልጅ ልትቆጣጠር? ልስን ሲቸኮል እንደሚሰነጠቅ አንተ ነህ የምትነግረኝ። ተዋቸው።»

«አንተ ብትሠራላቸው ኖሮ በሳምንት ይጨርሱ ነበር።»

«እኔማ የክሊኒኩን ሥራ ይዣለሁ» አለ ለሳኙ፤ የሻዩን አተላ መሬት ላይ ደፋ። «ደግሞስ ማን ጠርቶኝ?»

ሃምሳ ቀን ሞላ። አከራያቸው አዲስ ተከራዮች አምጥታ ክፍሎቹን አሳየች። ሴትዮዋ «ቀለሙ እንዴት ያምራል!» ስትል ቀለም ቀቢው ወጥቶ ግቢው ውስጥ ቆመ። ሚስቱ ተጨማሪ አንድ ወር ለመነች። አከራይቱ ቀብድ ተቀብላ ነበር።

በስድሳኛው ቀን ዕቃቸው መንገድ ዳር ወጣ። አልጋ፣ ቁም ሳጥን፣ ማቀዝቀዣ፣ ዘጠኝ ካርቶን። ለሳኙ የእጅ ጋሪ እየገፋ መጣ።

«ምን ታፈጣላችሁ? ጫኑ!»

«የት?» አለች ሚስቱ።

«እኔ ቤት ነዋ። የፊተኛው ክፍል ባዶ ነው። ወንድም እያላችሁ ጎዳና ልትወድቁ ነው?»

ማቀዝቀዣውን ብቻውን ተሸክሞ አስገባ። ቀለም ቀቢው በዚያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ሚስቱም ለሳኙን አቅፋ ሳመችው።

*

እዚያ ሃያ ሦስት ቀን ተቀመጡ።

ለሳኙ ተለወጠ። ሲመጣ ከበር ጀምሮ ያፏጫል። እሷ ሾርባ ትሠራለች፣ እሱ ዳቦ ገዝቶ ይገባል። ፀጉሩ ውስጥ የሲሚንቶ አቧራ ይዞ ጠረጴዛ ሲቀርብ «ሂድ ታጠብ፣ እዚህ ልስን አንበላም» ትለዋለች፤ ደስ ይለዋል። ካርታ ይጫወታሉ። ያጭበረብራል፤ ሲያዝ ይስቃል። ቤቱን ማንም ሳይጠይቀው አጸዳው። መስኮቱ ላይ መጋረጃ ሰቀለ።

«እዚሁ ብትቀሩ ምናለ?» አለ አንድ ቀን እየሳቀ። «እኔ ሚስማር አልከለክል።»

ሁለቱም ሳቁ።

በሃያ አንደኛው ቀን፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ለሳኙ ወደ ሥራ ከወጣ በኋላ ሚስቱ ሰሐን እያጠበች ዞር ሳትል ተናገረች።

«አንድ ነገር ልበልህ፤ ግን እንዳትቆጣ።»

«በይ።»

«ግራው አንድም ቀን አልጠየቀም።»

«ምኑን?»

«ልስኑን። ስለ ሁሉ ነገር ያወራል። የአውቶቡሱን ሹፌር ያወራል፣ የጎረቤቱን ድመት ያወራል። ለሳኝ ሆኖ፣ እኛ እዚህ በካርቶን መሃል እየተኛን፣ ‘ያ ልስን ምን ደረሰ?’ ብሎ አልጠየቀም። እኔ ሳነሳው ደግሞ ድምፁ ይቀጥናል።»

«አንቺ ደግሞ ሰው ሁሉ በሽተኛ ይመስልሻል።»

«ሰው ሁሉ አላልኩም።» እጇን በፎጣ አደረቀች። «አንተ ቀለም ቀቢ አይደለህም? ግድግዳ ዳብሰህ ታውቅ የለ? የሰውዬው አዲስ ቤት አድራሻ ውሉ ላይ አለ። ሰኞ ሂድና ዳብሰው።»

ጋሼን «ሰውዬው» ብላ ስትጠራ ይህ የመጀመሪያዋ ነበር።

*

ሰኞ ሁለት አውቶቡስ ይዞ ሄደ። ቀለም የነጠበበት የሥራ ልብሱን ስለለበሰ ዘበኛው ማን ነህ አላለውም።

«ቀለም ነህ? በከንቱ ደከምክ፤ ገና ነው።»

«ልስኑ አላለቀም?»

«ያልቃል፣ ይፈርሳል። ያልቃል፣ ይፈርሳል።» ዘበኛው ለምሳ የያዘውን ዳቦ እየቆረሰ ነበር። «ይሄውልህ፣ የቤቱ ባለቤት በሳምንት አንድ ቀን ይመጡና ‘ይህኛው ግድግዳ አላማረኝም’ ይላሉ። ለሳኙ ‘እሺ ጌታዬ’ ይልና ያፈርሰዋል። ከዚያ እንደገና ይለስናል። የሚከፈለው በቀን ነው፤ እሱ ምን ቸገረው?»

ከቤቱ ጎን የፈራረሰ ልስን ተከምሯል። ቀለም ቀቢው ጎንበስ ብሎ አንድ ቁራጭ አነሳ። ደረቅ ነው፤ ጥርት ያለ፣ ጠንካራ። አሸዋው በደንብ ተነፍቷል። እንዲህ ያለውን ልስን የሚያፈርስ ሰው እጁን ሊያመው ይገባል።

ወደ ውስጥ ገባ። ሁለት ክፍልና አንድ ሳሎን ነው። ሁለቱ ክፍሎች አልቀዋል። ከሳሎኑ አንድ ግድግዳ ብቻ ጡቡ ይታያል። መዳፉን በመጀመሪያው ክፍል ግድግዳ ላይ አሳረፈና ቀስ ብሎ ሄደ። የማንኪያው መንገድ ከቀኝ ወደ ግራ ነበር።

ብዙ ግራኝ ለሳኝ አለ ሲል ለራሱ ነገረው። ይህንን ያለው በአፉ ነው፤ ሰው ይስማው አይስማው አላወቀም።

ከዚያ በሩን ዘጋና ጀርባውን አየ። ከወለሉ አንድ ክንድ ከፍ ብሎ አንድ አውራ ጣት ተቀምጣለች።

ጎንበስ አለ። በኋላ ለሚስቱ ሲነግራት «የግራው እንዳልሆነች ለማረጋገጥ ጣቴን ከተትኩባት፤ ጠበበችኝ» አላት። የለሳኙ አውራ ጣት ቀጭን ነው።

ለሳኙ ከምሳ ሲመለስ በሩ ላይ ቆሞ አገኘው። ፉጨቱ አፉ ላይ ቀረ።

«ይሄ ነው ክሊኒኩ?» አለ ቀለም ቀቢው።

ለሳኙ ቆቡን አወለቀ። መልሶ አደረገ።

«ልነግርህ ነበር።»

«መቼ? ልስኑ ሲያልቅ?»

«ስማኝ። ከፈረምን በማግስቱ ጠሩኝ። ሥራ አልነበረኝም፤ ታውቃለህ። በአሥር ቀን ልጨርስ ነበር፤ በእናቴ። ጨርሼም ነበር! ከዚያ ‘አትቸኩል፣ ከቤቴ ለመውጣት አልቸኮልኩም፣ ቀንህን እከፍላለሁ’ አሉኝ።»

«አንተስ ምን አልክ?»

«አንድ ሳምንት ነው ብዬ። ከዚያ ሌላ ሳምንት ሆነ። ከዚያ ልነግርህ አፈርኩ።»

«አፍረህ ነው ማቀዝቀዣዬን የተሸከምከው?»

ለሳኙ ጎንበስ አለ። ማንኪያውን ከባልዲው አንስቶ በሱሪው ጠረገ፤ ንጹሕ ነበር።

«እናንተ ስትመጡ…» አለ። «ቤቴ ሰው ገባበት። ሰባት ዓመት ሙሉ ከሥራ ስመለስ ‘ሂድ ታጠብ’ ያለኝ የለም። ልስኑ ያለቀ ቀን ትሄዳላችሁ። አንተ ባለቤት ትሆናለህ፣ እኔ ያው ተከራይ ነኝ። በወር አንዴ እንግዳ ሆኜ ልመጣ።»

እውነት ይሆናል። ቀለም ቀቢው ግን በዚያች ሰዓት እውነቱን መመዘን አልፈለገም። እጁ ላይ ያለውን የደረቀ ቁራጭ አሳየው።

«ይህንን አንተ አፈረስከው?»

«እሳቸው አፍርስ ሲሉ…»

«ይህንን ልስን? በገዛ እጅህ?»

ለሳኙ ያን ጊዜ ነው ዓይኑን መሬት ላይ የጣለው። በቀን ክፍያው አላፈረም፣ በክሊኒኩ አላፈረም። በዚህ ግን አፈረ።

ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ይባላል። ቀለም ቀቢው ምሳሌ አልተናገረም። ጃኬቱን አውልቆ መሰላሉ ላይ ሰቀለ።

«ሲሚንቶ አለህ?»

«አለ።»

«አሸዋ?»

«አለ።»

«አቡካ።»

የሳሎኑን የመጨረሻ ግድግዳ አብረው ለሰኑት። ቀለም ቀቢው ያቀብላል፣ ለሳኙ ይመርጋል። ሲደርቅበት ውሃ ይረጫል፤ ሲያቆም «ቀጥል» ይባላል። ሌላ ቃል አልነበረም። ዘበኛው ዳቦውን ጨርሶ በሩ ላይ ተቀምጦ አያቸው፤ እንዲህ የሚጣደፍ የቀን ሠራተኛ አይቶ አያውቅም። ለሳኙ በሕይወቱ እንደዚያን ቀን ያማረ ግድግዳ ሠርቶ አያውቅም። ቀለም ቀቢው ይህንንም አየ፤ አየሁ ግን አላለም።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አለቀ። ቀለም ቀቢው ከኪሱ ሚስማር አወጣና በእርጥቡ ልስን ላይ፣ ከበሩ ጀርባ ሳይሆን ሰው ሁሉ በሚያየው መካከል ላይ፣ የዕለቱን ቀን፣ ወሩንና ዓመቱን ቁጥር በቁጥር ቀረጸ። ሥሩ «አለቀ» ብሎ ጻፈ።

«ጣትህን አምጣ።»

«ምን?»

«ፊርማህ አይደለች? ምስክር አይደለህ? አምጣ።»

ለሳኙ ግራ አውራ ጣቱን ከቁጥሩ አጠገብ ተጫነ። ቀለም ቀቢው ዘበኛውን ጠራና ስሙን በሚስማሩ እንዲጽፍ አደረገ። ዘበኛው ደስ ብሎት ጻፈ፤ ስሙ ግድግዳ ላይ ሲጻፍ የመጀመሪያው ነው።

*

በዚያው ምሽት ከለሳኙ ቤት ወጡ። ሚስቱ ምን እንደሆነ ስትሰማ አልጮኸችም። «ድምፁ ነግሮኛል» አለችና ለልብስ ማጠቢያ ክፍሉ ኃላፊ ደወለች። ሆስፒታሉ አንሶላ የሚጓጓዝበት መኪናና፣ ከማጠቢያው ጀርባ አንድ የዕቃ ክፍል ነበረው። ለሳኙ ዕቃውን ሊያግዝ ተነሳ።

«ተቀመጥ» አለችው።

ተቀመጠ። ድስቱ ውስጥ ሾርባ ነበር፤ ለእሱ ትታለት ሄደች። በኋላ ለምን እንደተወችለት ባሏ ሲጠይቃት «ምን ላድርግ፣ በመኪና ይፈስሳል» አለች።

በማግስቱ ቀለም ቀቢው ጋሼ ዘንድ ሄደ። ሊጮኽ አስቦ ነበር። ሳሎኑ ውስጥ፣ እሱ ራሱ በቀባው ግድግዳ ሥር፣ ካልሲ ብቻ አድርገው ጋዜጣ ሲያነቡ አገኛቸው። አንድም ዕቃ አልታሰረም። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት እንኳ እንዳለ ነው።

«ትናንት አለቀ ጋሼ» አለ።

«ሰማሁ።» ጋዜጣውን አጠፉት። «አንተን አልዋሸሁህም፤ ልጄ። ውሉን አንብበው። ‘ልስኑ ካለቀ በኋላ’ ያልከው አንተ ነህ። ቁጥር ጽፈህ ቢሆን በቁጥሩ እወጣ ነበር። ተማሪ እንኳ ፈተናው መቼ እንደሆነ ካልተነገረው አያጠናም።»

«ዕቃዬ መንገድ ላይ ሲወድቅ ያውቁ ነበር?»

«ግራው ነግሮኛል።»

«እና?»

«እና እሱ ቤት ገባችሁ አለኝ። ተመስገን አልኩ።»

ቀለም ቀቢው ልመናም ስድብም ፈለገ፤ ሁለቱንም አላገኘም። ከአፉ የወጣው «እንግዲህ ሃያ ስምንት ቀን ነው ያለዎት» ብቻ ነው። እርስዎነቱን አልተወም። በዚህ ለብዙ ጊዜ በራሱ ተናደደ።

በነጻ እቀባለሁ ያለውን አልቀባም። ጋሼም አልጠየቁም።

ሃያ ስምንቱን ቀን ከማጠቢያ ማሽኖቹ ጀርባ አሳለፉ። ግድግዳው ይንቀጠቀጥ ነበር። ሚስቱ ግድግዳው ላይ በእርሳስ መስመር ታሰምራለች፤ እሱ አይቶ ይሄዳል። በሃያ ስምንተኛው ቀን ጠዋት ጋሼ ወጡ። ቁልፉን ለሰፈሩ ዘበኛ ሰጥተው ነበር የሄዱት።

ቤቱ ባዶ ነው። ሚስቱ ከክፍል ክፍል እየዞረች በሩን ሁሉ ትከፍታለች፣ ትዘጋለች፤ ባዶ ሳሎን ውስጥ «ሃሎ፣ ሆስፒታል፣ ማንን ልጥራልዎት?» እያለች ድምፅዋን ትሰማለች። ከቦርሳዋ መዶሻ አወጣችና ሳሎኑ መካከል ላይ አንድ ሚስማር መታች። የሚሰቀል ነገር አልነበራትም። መምታቱን ብቻ ነው የፈለገችው።

ቀለም ቀቢው መኝታ ክፍሉ ገብቶ በሩን ከኋላው ዘጋ። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት የለሳኙን አውራ ጣት የደፈነበት ቦታ የት እንደሆነ ዓይኑን ጨፍኖ ያውቀዋል። ከወለሉ አንድ ክንድ። ሦስት እጅ ቀለምና አንድ እጅ ስቱኮ አልፎ መዳፉ ትንሽ ስርጉድ አገኘ። የዚያን ቀን ሲደፍናት ምን ብሎ እንደተራገመ አስታወሰ። ለሳኙ ምን ብሎ እንደሳቀም አስታወሰ።

የብርጭቆ ወረቀት ይዞ ነበር። አልፋቀም።

ቁም ሳጥኑን የሚሸከሙት ሰዎች ሲመጡ «ከበሩ ጀርባ» አላቸው።

«እዚህማ በሩ አይከፈትም» አለ አንደኛው።

«ይከፈት፣ አይከፈት፣ እዚያው አድርጉት።»

ሚስቱ መጥታ አየች። በሩን ሞከረችው፤ ግማሽ ተከፍቶ ቁም ሳጥኑን ገጨ። የባሏን ፊት አየችና ጎኗን ሰጥታ ገባች።

እስካሁን ወደ መኝታ ክፍላቸው የሚገቡት ጎናቸውን ሰጥተው ነው። ወጥ ቤቱ ውስጥ አንድ ግድግዳ ተሰንጥቋል፤ ልስኑ በየጊዜው ይረግፋል። እንግዳ ሲመጣና «ቀለም ቀቢ ሆነህ ይህን እንዴት ትተወዋለህ?» ሲለው ቀለም ቀቢው ፍርፋሪውን በእግሩ ወደ ጥግ ይገፋና ይመልሳል።

«ለሳኝ ጠፋ።»